ሁለቴ የሚረግጥ እግር

1

ብሎኑ ወደ መሬት ያያል።

ሀያት የስልኳን ስክሪን በሁለት ጣቶቿ ለጠጠችው። ፎቶው ደበዘዘ፤ ብሎኑ ግን አሁንም ወደ መሬት ያያል።

ወደ አፏ ያነሳችውን ጉርሻ መልሳ ሳህኑ ላይ አኖረችው።


2

ማን፣ የት፣ ምን። ባጭሩ፣ ጊዜ ስለሌለ።

ሀያት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ሜካኒካል ምህንድስና ተምራለች፤ ኮምቦልቻ ባለ አንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ትሠራለች። አሁን ምሳ ሰዓት ነው።

ይመር፣ አባቷ። ሠላሳ አንድ ዓመት የነዳ የደሴ ሾፌር። ዛሬ አሥር ኩንታል ድንች ጭኖ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ጋቢና ውስጥ እህቱ ዘምዘም አብራው አለች፤ አራስ ልጇን ልትጠይቅ።

ጋሽ መርሻ፣ መካኒክ። ፎቶውን የላከው እሱ ነው። ከሥሩ «ሥራ ማለት እንዲህ ነው ኢንጂነር!» ብሎ ጽፎበታል።

ፒክአፑ። ከኋላ ጎማዎቹ የታምቡር ፍሬን ወጥቶ በምትኩ ዲስክ ፍሬን ገብቶለታል። ትናንት አለቀ። ሐሳቡ የሀያት ነው። ንድፉ የሀያት ነው።

ጥድፊያውም።


3

ለምን ተቀየረ?

ታምቡር ክዳኑ የተገጠመ ድስት ነው። የፍሬኑ ሸራ ውስጡ እየተፋተገ ጎማውን ይይዛል፤ ሙቀቱ መውጫ የለውም። ዲስክ ገላጣ ነው፤ ነፋስ ያገኘዋል። ሐረጎን የሚያህል ቁልቁለት ላይ ልዩነቱ የትምህርት ቤት ጥያቄ አይደለም። ባለፈው ክረምት የይመር የኋላ ጎማዎች ጨሱ፤ ፔዳሉ ወለሉን ነካ። በማርሽና በዱአ ኮምቦልቻ ደረሰ። ለልጁ ሲያወራላት ይስቅ ነበር።

«ዲስክ እናስገባለት።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት በታምቡር ነድቻለሁ፤ መቼ ሞትኩ?»

«አለመሞት ማስረጃ አይሆንም፣ አባዬ።»

«እና ማስረጃ እንዲሆንሽ ልሙትልሽ?»

እሷ አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ ትነግረው ጀመር። ሰባት ወር ፈጀባት።


4

ፍሬን ውስጥ የገባ አየር እንዴት እንደሚወጣ፤ ለአንባቢ።

ከጎማው ሥር ተኛ። ፔዳሉ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጥ።

«ርገጥ!» በለው። ይረግጣል።

«ያዝ!» ይይዛል።

የአየር ማስወጫውን ብሎን ሩብ ዙር ፍታው። ዘይቱ አረፋ እየተፋ ይወጣል። ብሎኑን መልሰህ አጥብቀው።

«ልቀቅ!»

አረፋው እስኪጠፋ ድረስ ድገመው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ብሎኑ ከፍሬኑ አናት ላይ ከሆነ ብቻ ነው። አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ብሎኑ ከታች ከሆነ አንተ ጥሩውን ዘይት ታፈሳለህ፤ አየሩ ከላይ ተደላድሎ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ፍሬን ሲረገጥ መጀመሪያ አየሩን ይጨምቃል። ጎማውን የሚይዘው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያ

በኋላ።


5

ታዲያ ብሎኑ እንዴት ወደ ታች ዞረ? ማንም አልሰከረም፤ ማንም አልለገመም።

ጋሽ መርሻ የዲስኩን ፍሬን የሚሸከመውን ብረት ለመበየድ የኋላ ጎማዎቹን የሚያገናኘውን ዘንግ፣ አክስሉን፣ አወረደና በሁለት በርሜሎች ላይ አጋደመው። ለብየዳ እንዲመቸው ገልብጦ አጋደመው። በተገለበጠው አክስል ላይ ብረቱን በየደ፤ ፍሬኑን አሰረ፤ ብሎኑን ወደ ሰማይ አቆመ። የዚያን ሰዓት ሁሉም ልክ ነበር። ፎቶ ቢያነሳው ኖሮ ለመማሪያ መጽሐፍ ይሆን ነበር።

ከዚያ አክስሉን አቃንቶ ወደ መኪናው መለሰው።

አየሩን ሲያስወጣም አልጠረጠረም። ከመኪና ሥር ለተኛ ሰው ብሎኑ ከታች መሆኑ እንዲያውም ምቹ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የታምቡር ፍሬን ሲሠራ ብሎኑ የት መሆን እንዳለበት ማሰብ አስፈልጎት አያውቅም፤ ፋብሪካው አስቦ ይልክለታል።


6

ሀያትስ? ንድፉን የሠራች፣ ይህን ሁሉ የምታውቅ?

ትናንት እሑድ ከኮምቦልቻ ደሴ ወጣች። ጋራዡ ስትደርስ ጎማዎቹ ታስረው ነበር።

«ጎማውን ልፍታልሽና እዪው» አላት ጋሽ መርሻ፣ ቁልፉን እንደያዘ።

«ተወው፣ ሚኒባስ ያመልጠኛል። ይሞከር።»

ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት ሊፈለግላት ይችል ነበር፤ የለም።


7

ሙከራው እንዲህ ነበር። ይመር ነዳ። በሠላሳ ኪሎ ሜትር ፍጥነት መጣና ቆመ። ዞሮ መጣና ቆመ። ጋሽ መርሻ አጨበጨበ።

ሀያት ግን የአባቷን እግር ታይ ነበር። ዱብ፣ ዱብ። ሁልጊዜ ሁለቴ። የድሮ ሾፌር ልማድ ነው፤ ሸራው የሳሳ ታምቡር በመጀመሪያው አይይዝማ። «የመጀመሪያው ሰላምታ ነው፣ ሁለተኛው ጉዳይ» ይላል ይመር።

ሁለቴ የተረገጠ ፔዳል ይጠነክራል። ውስጡ አየር ያለበትም ቢሆን ለጊዜው ይጠነክራል። ይህን ትናንት ማስታወስ ነበረባት። ያስታወሰችው ግን የሚያናድዳትን ብቻ ነበር።

«አባዬ፣ ይሄ ዲስክ ነው። አንዴ ነው የሚረገጠው።»

«እግሬን ማን ይንገርልሽ? ልማድ ነው።»

«መጥፎ ልማድ ነዋ! አንዴ ብቻ። ቃል ግባልኝ።»

«እሺ ኢንጂነር። አንዴ።»

«አሁን አንዴ ብቻ ረግጠህ አሳየኝ» አላለችውም። የሚኒባሱ ረዳት «ኮምቦልቻ! አንድ ሰው!» እያለ ነበር።


8

ስልክ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ።

ሀያት፦ ጋሽ መርሻ፣ ፎቶውን እየው። የአየር ማስወጫው ብሎን የት ነው?

መርሻ፦ ፍሬኑ ላይ ነዋ። የት ይሆናል?

ሀያት፦ ከላይ ነው ከታች?

መርሻ፦ ከላይ ነው፣ እኔ ራሴ ነኝ ያቆምኩት… ቆይ።

(ፎቶውን ከፍቶ ያያል።)

መርሻ፦ አክስሉ ተገልብጦ ነበር።

ሀያት፦ አዎ።

መርሻ፦ እመብርሃን! ተገልብጦ ነበር'ኮ።

ሀያት፦ አባቴ ወጥቷል?

መርሻ፦ አሁን በዚህ አለፈ፤ ጡሩምባ ነፍቶልኝ። ስሚኝ ልጄ፣ አትደንግጪ። አባትሽን አውቀዋለሁ፤ ሁለቴ ሳይረግጥ ቆሞ አያውቅም። ሁለቴ እስከረገጠ ድረስ ይይዝለታል። ይህን ልማዱን ያስተወው ሰው ከሌለ ምንም አይሆንም።

(ሀያት ናፕኪን ስባ እስክሪብቶ ታወጣለች።)

መርሻ፦ ሀያት? አለሽ?


9

በናፕኪን ላይ የተጻፈ።

በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ አሥራ አንድ ሜትር ነው።

ሁለቴ ከረገጠ ግማሽ ሰከንድ ይባክናል። አምስት ሜትር ተኩል። የመኪናው ርዝመት ያህል። ለይመር ይበቃዋል።

አንዴ ረግጦ ከጠበቀ የኋላው አይይዝም። ፊተኛው ብቻውን፣ ቁልቁለት፣ አሥር ኩንታል፣ ሁለት ሰው

እዚህ ላይ እስክሪብቶው ናፕኪኑን ቀደደው።


10

ምን ማድረግ ትችላለች?

ለአባቷ መደወል። አያነሳም። ሲነዳ ስልክ እንዳያነሳ ያስማለችው እሷ ናት።

ካነሳስ? የባሰ። በአንድ እጁ መሪ፣ በአንድ እጁ ስልክ፣ ሐረጎ ላይ።

መንገድ ትራፊክ? ምን ብላ? «አባቴ የነገርኩትን እንዳይሰማኝ ንገሩልኝ»?

ባጃጅ ይዛ ሽቅብ መሄድ። ሄዳ መሐል መንገድ ቆማ እጇን ብታወናጭፍ ሊያቆም ይረግጣል። ስንቴ?

ዘምዘም።

ዘምዘም ስልክ አላት።


11

ዘምዘም፦ ሄሎ! ማነው?

ሀያት፦ አክስቴ፣ ሀያት ነኝ። የት ደረሳችሁ?

ዘምዘም፦ ሀዩዬ! ደህና ነሽ? ሥራ እንዴት ነው?

ሀያት፦ ደህና። የት ናችሁ?

ዘምዘም፦ አልሐምዱሊላህ፣ እኛም ደህና ነን። አራሷን ጠየቅሻት? ወይስ እዚያው ከተማ ተቀምጠሽ…

ሀያት፦ አክስቴ! ቁልቁለቱን ጀመራችሁ?

ዘምዘም፦ ምን ያስጮህሻል? ጆሮዬ ደህና ነው። ይመር፣ ቁልቁለት ጀመራችሁ ወይ ትልሃለች። … ገና አናቱ ላይ ነን ይላል።

ሀያት፦ ፍሬኑ እንዴት ነው በይልኝ። ቀስ ብለሽ፣ እንዳይደነግጥ።

ዘምዘም፦ ፍሬኑ እንዴት ነው ትልሃለች። … ድንጋይ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው ይላል። ቃሉን ጠብቆ ከጠዋት ጀምሮ አንዴ ብቻ እየረገጠ ነው የመጣው። ደስ ይበላት ይላል።


12

እዚህ ላይ እናቁም፤ ሀያትም ቆማለችና።

ድንጋይ።

አየር የያዘ ፔዳል አንዴ ሲረገጥ ድንጋይ አይሆንም። ጎማ ነው፤ እርሾ የገባበት ሊጥ ነው። ድንጋይ የሚሆነው ሁለቴ ሲረገጥ ብቻ ነው።

እየዋሸ ነው!

ሀያት ከወንበሯ ብድግ አለች። ሠላሳ አንድ ዓመት የቆየ እግር በአንድ እሑድ አልተቀየረም። ከልጅነቷ ጀምሮ «አይሰማኝም፣ እሺ ብሎ የፈለገውን ያደርጋል» እያለች ስትከሰው ኖራለች። አሁንም አልሰማትም፤ እልል ማለት አማራት።

ግን መሐንዲስ ናት። ግምት ይቆጠቁጣታል። ማረጋገጥ ፈለገች። ዝም ብላ «ሁለቴ ይርገጥ» ማለት ስትችል፣ ማረጋገጥ ፈለገች።


13

ሀያት፦ አክስቴ፣ እሱን ሳትነግሪው፣ እግሩን እዪልኝ። ፍሬን ሲይዝ ስንቴ እንደሚረግጥ ቁጠሪልኝ።

ዘምዘም፦ እግሩን ልይ? ይመር፣ ደግሞ እግሩን ቁጠሪ አለችኝ፤ ይቺ ልጅ ምን ነካት?

ሀያት፦ አትንገሪው አልኩሽ'ኮ!

ዘምዘም፦ እየሳቀ ነው። ሰላይ አደረገችሽ? ይላል። እንግዲያው በደንብ እዪና መስክሪ፣ አንዴ ብቻ ነው የምረግጠው፣ ወላሂ ይላል።

ሀያት፦ አይ፣ አይ! ሁለቴ በይው! አክስቴ፣ ሁለቴ!

ዘምዘም፦ ኧረ አትጩሂ፣ ሞተሩም ይጮሃል፣ አይሰማኝም። ደግሞ እነዚህን እዪልኝ፣ መንገዱ ሙሉ ቅጠል ጥለዋል። ለምለሙን ቅርንጫፍ ቆርጠው! ምን ዓይነት ሰው ነው ዛፍ ቆርጦ አስፋልት ላይ የሚጥል?

ይህን ሾፌርም የሾፌር ልጅም ያውቃል። አስፋልት ላይ ቅጠል ተጥሎ ካየህ ከመታጠፊያው ኋላ የተበላሸ መኪና መንገዱን ዘግቶ ቆሟል ማለት ነው።

ሀያት፦ አክስቴ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊለት።

ዘምዘም፦ ቆይ፣ ሊረግጥ ነው፤ አየሁት። ልቁጠርልሽ።


14

አንድ።


15

ሀያት ሁለተኛውን እየጠበቀች ነው።