ለሌላ ሴት የተነገረው

ልብስ ሰፊዋ በሰው የምትቀና ሴት አልነበረችም። ጎረቤት ቤቱን ሲያድስ “ያምርበት” ትላለች። ከጎኗ የተከፈተው ስፌት ቤት ደንበኞቿን ሲወስድባት እንኳ ትከሻዋን ሰብቃ ወደ ስፌት መኪናዋ ትመለሳለች። ቅናት ምን እንደሚመስል ያወቀችው በአርባ ሁለት ዓመቷ፣ አንድ የሕክምና ተቋም ኮሪደር ላይ ተቀምጣ፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጇ ከተዘጋ በር ወዲያ ስትስቅ የሰማች ዕለት ነው።

ልጅቷን ሰፈሩ ሁሉ “ፌንጣ” ይላታል፤ አንድ ቦታ አርፋ አትቀመጥም ነበርና። ካለፉት አራት ወራት ወዲህ ግን እግሯን ሰብስባ፣ ግድግዳው ላይ አፍጥጣ ነው የምትውለው። ቤት ውስጥ ሳቅ ቀርቶ ፈገግታዋም ጠፍቷል። እዚያ ክፍል ውስጥ፣ ከዚያች መነጽራም አማካሪ ጋር፣ ትስቃለች።

“ለእኔ የነፈገችውን ለባዳ!” አለች እናት በሆዷ። 

ነገሩ እንዲህ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ጨርቅ የምታመጣው ሰው ከሚያከብረው አንድ ነጋዴ ነው። ሥራ ሲበዛባት ፌንጣን ትልካታለች። ሰውየው ለልጅቷ መጀመሪያ ጥብጣብ ሰጣት፣ ቀጥሎ ጫማ፣ በኋላም ስልክ። እናት “አባት የሌላት መሆኗን አይቶ ነው” ብላ መረቀችው። እሱ ግን መጋዘኑ ውስጥ ልጅቷን ይደፍራት ነበር። ፎቶ አንስቷታል፤ “ትንፍሽ ብትዪ ለሰፈሩ ሁሉ እበትነዋለሁ” እያለ ያስፈራራታል። የልጅቷ መክሳት ያሳሰባት የትምህርት ቤቷ ነርስ ቀስ ብላ አናግራት ለፖሊስ አመለከተች። ሰውየው ታሰረ።

እናት ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ልጇን ስታገኛት መጀመሪያ ያለቻት ይህን ነው፦ “ማን ሂጂ አለሽ? አፍ የለሽም? ጫማውን ስትቀበዪ ምን መስሎሽ ነበር?”

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ፌንጣ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ቀን ወዲህ ከልጅቷ አፍ ለእናቷ የሚወጣው “እሺ” እና “ጠገብኩ” ብቻ ሆነ።

ፖሊስ ወደ ሕክምና ተቋሙ ሲመራት ላገኘቻት አማካሪ ግን ታወራለች። ማክሰኞ ማክሰኞ አንድ ሰዓት ሙሉ ታወራለች። እናት ኮሪደሩ ላይ ጆሮዋን ትቀስራለች፤ የሚሰማት ጉምጉምታ ብቻ ነው። አንድ ጠዋት ፌንጣ ፀጉሯን እንደ አማካሪዋ ወደ ጎን ከፍላ ብቅ አለች።

“የማን ቄንጥ ነው ደግሞ ይሄ?”

“የማንም።”

መነጽሩ ብቻ ነው የቀራት፣ አለች እናት ለራሷ። በሚቀጥለው ማክሰኞ አማካሪዋን ከእግር እስከ ራስ ስትመረምራት የቀሚሷ ጠርዝ ተተርትሮ አየች፤ ክፉኛ ደስ አላት። የራሷን ቀሚስ መጠገን ያቃታት የሰው ልጅ ልትጠግን!

ያን ዕለት ፌንጣ ግቢው ውስጥ ካሉት ልጆች ጋር ስትቀላቀል ጠብቃ በሩን በርግዳ ገባች።

“ልጄን ነጠቅሽኝ!”

“ይቀመጡ እትዬ” አለች አማካሪዋ ወንበር እየሳበች።

“አልቀመጥም! ምንድን ነው የምትነግርሽ? እኔ እናቷ አይደለሁም?”

“የነገረችኝን ልነግርዎ አልችልም፤ የራሷ ነው። የማልጠይቃትን ግን ልንገርዎ። ‘ለምን ሄድሽ፣ ለምን ተቀበልሽ፣ ለምን ዝም አልሽ’ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ልጅ ናት። ያጠመዳትም፣ እያስፈራራ ያመላለሳትም ትልቅ ሰው ነው።”

እናት ሳታስበው ተቀመጠች። “ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ” አለች። “አንድ ቀን ‘አልሄድም እማ’ ብላኝ ነበር። ሰነፍ ብዬ ሰደብኳት።”

አማካሪዋ ለማባበል አልቸኮለችም። “ጥፋቱ የሱ ነው፤ የእርስዎም አይደለም። አሁን ያሉኝን ግን መስማት ያለባት እሷ ናት።”

እናት ሦስት ቀን ቃላት ስታማርጥ ከረመች። በመጨረሻ ከጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ ልጅቷ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

“የላኩሽ እኔ ነኝ። አልሄድም ስትዪኝ አልሰማሁሽም። ጣቢያ ያን ከምልሽ ምላሴን በቆረጠው ኖሮ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ የኔ እናት።”

“እሺ” አለች ፌንጣ፣ እንደ ወትሮው። ቆይታ ግን “ጫማውን ወድጄው ነበር” አለች።

 ስንት ነገር እናት አፍ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። “ልጅ ጫማ ይወዳል” አለች።

በሳምንቱ የእናት ታላቅ እህት ልትጠይቃቸው መጣች፤ ገና አረፍ ከማለቷ “እሷም ባትቅለበለብ ኖሮ…” ብላ ጀመረች። ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠች። “እታለም፣ ልጄ ላይ ጣትሽን የምትቀስሪ ከሆነ በሩ ያው።” እህትዬው እየተነጫነጨች ወጣች። መጋረጃው ተነቃነቀ፤ ፌንጣ ከጀርባው ቆማ ስትሰማ ነበር።

ፍርድ ቤቱ ልጅቷ ከተከሳሹ ጋር ሳትተያይ፣ በተለየ ክፍል ቃሏን እንድትሰጥ ፈቀደ። አብሯት የሚቀመጥ አንድ ትልቅ ሰው መምረጥ ትችላለች። እናት በቀጠሮው ጠዋት የክት ልብሷን ለብሳ መጣች፤ አማካሪዋም አልቀረችም። ጸሐፊው “ማን ይግባ?” ሲል ፌንጣ እናቷን አየች፣ አማካሪዋን አየች። እናት መልሱን ሳትሰማው አወቀችው።

“እማ፣ አንቺ ፊት ስናገር ታለቅሻለሽ። ስታለቅሺ ደግሞ እኔ አቆማለሁ።”

ቅናቱ እንደ መርፌ ወጋት። እኔ ወልጄ፣ እኔ አሳድጌ! አንድ ቃል ብቻ ብትናገር ልጅቷ ሐሳቧን እንደምትቀይር ታውቅ ነበር። ዋጠችው። የልጇን ኮሌታ አስተካከለችና “ግቢ። እኔ እዚሁ ነኝ” አለች።

ሁለት ሰዓት ሙሉ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። የአማካሪዋ እጅ የልጇን እጅ ይዞ በሐሳቧ እየታያት ትቃጠላለች፤ መልሳ ደግሞ “እሰይ፣ አጥብቀሽ ያዢያት” ትላለች። ሁለቱም ከልቧ ነበር።

በሩ ሲከፈት ፌንጣ ፊቷ ገርጥቶ ወጣች። መጥታ አጠገቧ ቁጭ አለች።

“ሁሉንም ተናገርኩ።”

እናት ምን ተናገርሽ አላለቻትም። “ጎበዝ” አለቻት።

“እማ፣ ርቦኛል።”

ተያይዘው ወጡ። ሰውየው ከሦስት ወር በኋላ ተፈረደበት። እናት ማክሰኞ ማክሰኞ ልጇን አሁንም ትወስዳታለች። የአማካሪዋ በር ሲዘጋ አሁንም ትቀናለች፤ የጀመረችውን ስፌት ከቦርሳዋ አውጥታ ትጠብቃለች።