የጦጣ ዓይነ ምድር

ዓርብ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የደብሩ ደን ጦጣዎች፣ ታዛቢዎች በተገኙበት፣ እንደሚጸዳዱ ለሚመለከተው ሁሉ በደብዳቤ ተገለጸ። ደብዳቤው ሁለት ማኅተም አርፎበታል። ከማኅተሙ በፊት ግን በአንድ ቃል ላይ ጭቅጭቅ ነበር። የላም እበት ነው፣ የፈረስ ፋንድያ፣ የፍየል በጠጥ፤ የጦጣስ? ወለተ ሰንበት የምታውቀውን ቃል ስትናገር የደብሩ አለቃ ወልደ ሩፋኤል ማኅተም ይረክሳል አሉና «ዓይነ ምድር» አስባሉ። የሰውን ለጦጣ አዋሱ።

አሁን ሰዓቱ ደርሷል። ወለተ ሰንበት ጓንቷን እያጠለቀች ጥርሷን ነክሳለች። የደኑ ጥበቃ ናት። በጋውን ሙሉ በማለዳ እየወጣች ትኩሱን ከዛፍ ሥር አንስታ በብልቃጥ ስትሞላ የከረመች እሷ ናት። ይታያል የሚባለው ተመራማሪ ከደብረ ማርቆስ እየመጣ ብልቃጡን ከመንገድ ዳር ይረከባታል። የሚያጠናው የደን ጦጣና የገበያ ጦጣ አንጀት ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ይለያይ እንደሆነ ነው። ነገሩ ለእሷ አልከበዳትም። እርሾ የለመደውን ዱቄት ይመስላል፤ ሾላ የሚበላ ሆድና የገበያ ጥራጊ የሚበላ ሆድ አንድ እርሾ አይኖረውም።

ውጤቱ ግን አንድ ሆኖ መጣ። የደብሩ ጦጣና ግማሽ ሰዓት ቁልቁል ያለው የአምበር ገበያ ጦጣ በሆድ አይለያዩም። ይታያል ደኑን አልጠረጠረም፤ እሷን ጠረጠረ። ዳገቱን ለመውጣት ሰንፋ ከገበያ ሞልታ ሰጥታኛለች አለ። ዛሬ ካልነጻች ከጥበቃ ሥራዋ ትነሣለች።

«እትዬ፣ ሰው ነዎት፤ ቢደክምዎት አልፈርድብዎትም» አላት ይታያል ዳገቱን ሲወጡ።

«እኔን የሚያደክመኝ ያንተ ምሕረት ነው፣ ልጄ።»

ወደ አለቃ ዞረች። «አለቃ፣ ለምን አንድ እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ።»

«እኔ የማውቀው ዳዊት ነው።»

«ሾላዎቹስ?»

«አርጅተው ወደቁ።»

«በመጋዝ የሚያረጅ ዛፍ አለ ለካ።»

አለቃ መቋሚያቸውን አጥብቀው ያዙ። ከኋላ የሚከተሉት ሁለት የሰበካ ጉባኤ አባላት አንድ ላይ ሳል ያዛቸው።

ሾላዎቹ ከተቆረጡ አምስት ዓመት ሆኗል። ዳር ዳሩን ጥድና ወይራ እንደ መጋረጃ ተትቶ መሀሉ ባሕር ዛፍ ተተክሏል። ከመንገድ ለሚያየው ደን ነው። አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሁሉም ከዚያ ቆርጧል። የወለተ ሰንበት የራሷ ቤት ማገር ከዚያው ነው። ስለዚህ በጋውን ሙሉ ብልቃጡን ከመሙላቷ በፊት ጦጣዎቹ ሾላ ሲያጡ ገበያ ወርደው ከጥራጊው ጋር የዋጡትን የፌስታል ቁራጭ ከዓይነ ምድራቸው በስንጥር እየለቀመች ስትጥል ከርማለች፤ ለደብሩ ክብር። ለዚህ ክብር ነው ዛሬ አጭበርባሪ የተባለችው።

አጥሩ ሥር ቆሙ። ጦጣዎቹ በቅጽሩ ድንጋይ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። አንድ አውራ ጦጣ ታዛቢዎቹን በየተራ አየና፣ ሳይቸኩል፣ ፊት ለፊታቸው ተጸዳዳ።

ወለተ ሰንበት ቀረብ ብላ በስንጥር ከፈለችው። የበርበሬ ፍሬ፤ ከፍሬው መሀል ጣት የሚያህል ሰማያዊ ፌስታል።

አለቃ ደመና ፈለጉ፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ይታያል ለመጀመሪያ ጊዜ ከጥዱ ባሻገር አየ፤ ነጫጭ ግንዶች እንደ ወታደር ተሰልፈዋል።

«ይኼ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ።

«ዓይነ ምድር ያሉት አለቃ ናቸው» አለች። «ዓይን ደግሞ ያየውን ያወጣል።»

ስንጥሯ እንደ ልማዷ ወደ ፌስታሉ ሄደች። ቆመች። ከነፌስታሉ አነሳችው፤ ከነፌስታሉ ብልቃጥ ውስጥ ከተተችው። በጋውን ሙሉ «የደብር ደን» ብላ ስትሞላው በከረመችው የብልቃጡ መለያ መስመር ላይ «ባሕር ዛፍ» ጻፈች። ከዚያ የምስክር ፊርማ እንዲያኖሩ እስክሪብቶውን ለአለቃ በሁለት እጇ አቀረበች።