ሦስተኛው ሱቅ

«አንቺ ሴትዮ፣ ቁጭ በይ ብያለሁ!» አለች ታላቅ እህቷ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ከእጇ እየቀማች። «ባሏ የሞተባት አንቺ ነሽ ወይስ እኔ? ሰው ምን ይላል?»

ልብስ ሰፊዋ ቁጭ አለች። ባሏ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። እጇ ሥራ ሲያጣ የት እንደሚያርፍ አያውቅም፤ የጥቁር ቀሚሷን ጫፍ ጉልበቷ ላይ ታጥፈዋለች፣ መልሳ ትዘረጋዋለች። ሳሎኑ ከጎረቤት በተለቀሙ ወንበሮች ተጨናንቋል። በሩ አጠገብ የሱቅ ጎረቤቶቿ፣ ፀጉር አስተካካዩና መነጽር የምትሸጠው ባለመነጽሯ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱም ሰረቅ አድርገው ያዩዋታል፤ ዓይኗ ወደነሱ ሲዞር ደግሞ ብርጭቋቸው ውስጥ የጠፋ ነገር እንዳለ ሁሉ ያቀረቅራሉ።

ምን ሊጠይቋት እንደፈለጉ አሳምራ ታውቃለች። ከከተማው ዳር ባለው ትልቅ የገበያ ማዕከል፣ ሰዉ «ሞሉ» በሚለው ሕንጻ ውስጥ፣ የቀሩት ሱቆች ሦስት ብቻ ናቸው፦ የሷ ልብስ ስፌት፣ ፀጉር ቤቱና መነጽር ቤቱ። የሕንጻው ባለቤት ባለፈው ወር መግቢያው ላይ አንዲት ወረቀት ለጥፏል። የተከፈቱት ሱቆች ከሦስት ካነሱ መብራቱ ይቆረጣል፣ በሩም ይታሸጋል፤ ሳምንት ሙሉ የተዘጋ ሱቅ እንደለቀቀ ይቆጠራል። ስለዚህ እሷ ሰኞ ካልከፈተች ሁለቱም አብረዋት ይዘጋሉ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ግን ለቅሶ ቤት ተቀምጦ «ሰኞ ትከፍቻለሽ?» የሚል ምላስ ከየት ይመጣል?

እሷ ግን ወስናለች። አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ ነው የወሰነችው። እከፍታለሁ ብላለች። ባሏ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲደግፈው የኖረው ሕንጻ፣ እሱ በሞተ በሳምንቱ ሲታሸግ ቆማ ልታይ ነው? አታደርገውም። ሁለቴ መቅበር ይሆንባታል።

ባሏን ባለደረጃው ነበር የሚሉት። ኤስካሌተሩን የሚያጸዳ፣ የሚጠግን፣ ጠዋት የሚያስነሣ፣ ማታ የሚያቆም ቴክኒሻን ነበር። ሞሉ የተከፈተ ሰሞን ሰዉ የጎረፈው ለዕቃ እንዳይመስላችሁ፤ ለዚያ ለሚሄደው ደረጃ ነው። ተሰልፎ ይወጣበታል፣ በማዶኛው ይወርድበታል፣ ዞሮ ይሰለፋል። ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው የሚወጡ እናቶች ነበሩ። አንድ ሽማግሌ እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ሐሳባቸውን ቀየሩና ወደ ታች መሮጥ ጀመሩ፤ እሳቸው ሲሮጡ ደረጃው ሲወጣ እዚያው አንድ ቦታ ቀሩ፤ ሰዉ በሳቅ ሞተ።

ሰፊዋ ያን ሰሞን አንደኛ ፎቅ ላይ ሱቅ ተከራይታ፣ ጥቅል ጨርቅ በሁለት እጇ አቅፋ መጣች። ደረጃው ሥር ደርሳ ቀጥ አለች። አንዱን እግሯን ታነሣለች፣ ትመልሳለች። ከኋላዋ ያለው ሰው ማጉረምረም ጀመረ።

«አይዞሽ፣ አይበላም» አላት አንድ ቱታ የለበሰ ረጅም ሰውዬ። «ጠዋት አብልቼዋለሁ።»

ሳቋ ሲመጣ ፍርሃቷ ሄደ። ክርኗን ይዞ «ቀኝ እግርሽን አስቀድሚ» አላት። አስቀደመች። በዓመቱ ተጋቡ።

ያኔ የሙሽራ ልብስ ነበር የምትሰፋው። ሦስት ማሽን፣ ሁለት ሠራተኛ፣ ቀጠሮ ለመያዝ ሦስት ወር መጠበቅ። ላይኛው ፎቅ ሲኒማ ነበር፣ ምድር ቤቱ ሱፐርማርኬት፤ በዕረፍት ቀን መቆሚያ አይገኝም ነበር። ፀጉር አስተካካዩ አራት ወንበር ይዞ፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ኮሪደሩ ላይ ይኮለኮል ነበር።

ከዚያ ምን መጣ? ምንም አልመጣ! የሚያናድደውም እሱ ነው። እሳት አልተነሣ፣ ምድር አልተንቀጠቀጠ። በወዲያኛው በኩል አዲስ መንገድ ተከፈተ፤ የአውቶቡስ ፌርማታው ወደዚያ ሄደ፤ መንገዱ ዳር ከዚህኛው የሚበልጥ ሌላ ሞል ተሠራ። አለቀ። መጀመሪያ ሲኒማው «ለእድሳት ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ለጠፈ፤ ወረቀቱ እዚያው ቢጫ ሆኖ ቀረ። ቀጥሎ ሱፐርማርኬቱ፣ ቀጥሎ ጫማ ቤቶቹ። ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ኮሪደሩ ላይ ባልዲ ተደረደረ፤ ባልዲዎቹ ከደንበኞቹ በለጡ። ሠራተኞቿ ሄዱ፣ ሁለት ማሽን ሸጠች። የሙሽራ ልብስ የሚያዛት ጠፋና ዚፕ መቀየርና የሱሪ እግር ማሳጠር ሥራዋ ሆነ።

ባሏ ደግሞ መለዋወጫ የሚልክለት ሲጠፋ፣ ከሚወርደው ደረጃ እየፈታ ለሚወጣው ይገጥም ጀመር። ዛሬ ሰንሰለት፣ ነገ ተሽከርካሪ ጎማ፣ ከነገ ወዲያ የእጅ መደገፊያ። የሚወርደው ሆዱ ባዶ ሆኖ ቀረ። ላለፉት ስድስት ዓመታት ሰው ወደ ላይ በደረጃው ይወጣል፣ ወደ ታች በእግሩ ይወርዳል። «ከሁለቱ መውጣቱ አይሻልም?» እያለ ይቀልድ ነበር። ጠዋት ጠዋት ወለሉ ላይ ያለውን የብረት ክዳን አንሥቶ የሞተሩ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ በዚያ በሚያመው ጉልበት፣ በዚያ ሳል።

ማታ ቤት ሲገናኙ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር ወሬያቸው።

«እንዴት ዋልሽ? ሰው ነበር?»

«ነበር፣ ምን አለ፤ ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎ ነው እንጂ። አንተስ? እንዴት ዋለልህ?»

«ደህና ነው። ትንሽ ያጓራል እንጂ ይሄዳል።»

ከዚያ ራታቸውን ይበላሉ።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት የሞሉ ጥበቃ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ሬሳውን ያገኙት እሳቸው ናቸው። ባለደረጃው ደረጃውን አስነሥቶ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ እንዳለ፣ መፍቻው ጭኑ ላይ እንዳለ ነው ያገኙት። ደረጃው ባዶውን ይሄድ ነበር። ማጥፊያው የት እንደሆነ ስለማያውቁ ሰው እስኪመጣ ድረስ እንዲሁ ሲሄድ ቆየ።

«ያጽናሽ ልጄ» አሉና አጠገቧ ተቀመጡ። ሻዩን ፉት አሉት፤ ብርጭቆውን አስቀመጡ፤ መልሰው አነሡት። «ልናገር ወይስ ልተወው እያልኩ ነው የከረምኩት።»

«ምኑን አባባ?»

«የዚያን ሆስፒታል ነገር።»

«የምን ሆስፒታል? ታሞ ነበር እንዴ?»

«ኧረ አይደለም! ለሥራ ነው እንጂ። አሳንሰር የሚጠግንላቸው ሰው ፈልገው ሦስት ጊዜ መጥተዋል። ሦስቴ! የመጨረሻው አምና ነው። ንጹሕ ሥራ፣ ጉድጓድ የለ፣ አቧራ የለ፣ ሕክምናውም እዚያው። እኔ እንኳ ‹አንተ ሰው፣ ምን ነካህ፣ ሂድ እንጂ!› ብዬ ተቆጥቼዋለሁ።»

«አልነገረኝም» አለች ሰፊዋ።

«እንዴት ይንገርሽ? ‹አባባ፣ እሷ ያንን ሱቅ እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምታየው› አለኝ። ‹እኔ ከሄድኩ ደረጃው ይቆማል፤ ደረጃው ከቆመ ፎቅ ድረስ ማን ይወጣላታል? ልቧ ይሰበራል። እኔማ መሮኛል፤ ድምፁን መስማት ሁሉ አስጠልቶኛል፤ ግን እሷ እስካለች አለሁ› አለኝ። ምን ያለ ፍቅር ነው እያልኩ...»

እህቷ ከጓዳ ብቅ ብላ ስትሰማ ነበር። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

እህቷ ለምን ደነገጠች? የሰፊዋን ነገር ስለምታውቅ ነዋ! የዛሬ አምስት ዓመት ፌርማታው አጠገብ፣ መንገድ ዳር፣ ፀሐይ የሚገባው ጥሩ ክፍል አግኝታላት ነበር። ሰው የሚተራመስበት ቦታ ነው፤ በሩ ገና ሳይከፈት ደንበኛ ይቆምበታል። ሰፊዋ ክፍሉን አየችው፤ ማሽኗን የት እንደምታስቀምጥ ሁሉ በዓይኗ ለካች። ከዚያ «ይቅርብኝ እትዬ» አለች።

«ምን ሆነሽ ነው? እዚያ መቃብር ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እኔስ በወጣሁ፤ ጨለማው ታክቶኛል። ግን እሱስ? እኔ ከወጣሁ ‹ሞሉ አበቃለት› ይላል። ያለዚያ ደረጃ አይሆንለትም፤ ቁጭ ብሎ ይሞትብኛል። እሱ እስኪበቃው ልቆይ።»

እሱ እስኪበቃው! እሱ ደግሞ እሷ እስኪበቃት! እንግዲህ ምን ይባላል? አንድ አልጋ ላይ የሚያድሩ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ለሌላው ሲል፣ ሁለቱም በጠሉት ሕንጻ ውስጥ ዕድሜያቸውን ጨረሱት። የሚያሳዝነው ደግሞ ዝምተኞች አለመሆናቸው ነው፤ ስለ ጎረቤት ያወራሉ፣ ስለ ጉንፋን ያወራሉ፣ ሲስቁም ያመሻሉ። «ሰለቸኝ» የምትለዋን አንዲት ቃል ብቻ ሁለቱም ለሌላው አዝነው ዋጧት።

ሰፊዋ አልጮኸችም። ጥበቃው ተሰናብተው ሲወጡ «ደግ አደረጉ የነገሩኝ» አለቻቸው። ከዚያ መኝታ ቤት ገባች። እህቷ ተከትላት ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ያን ጊዜ ለሱ ብነግረው ኖሮ...» አለች እህቷ።

«ተይው እትዬ።»

«አፌን ይቁረጠውና፣ ‹በሰው ትዳር አልገባም› ብዬ እኮ ነው።»

«ሳል ነበረው» አለች ሰፊዋ። «አምና ሆስፒታል ገብቶ ቢሆን፣ ያን ሳል አንዱ ሐኪም ይሰማው ነበር። ከዚያ ጉድጓድ ይወጣ ነበር። እኔ ነኝ እዚያ ያቆየሁት።» ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው፤ ባለፉት ሦስት ቀናት ካለቀሰችው ሁሉ የባሰ ለቅሶ ነበር፣ ሳሎን ያለው ሰው ወሬውን አቁሞ እስኪሰማ ድረስ።

በስድስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ እንግዳው ሳስቷል። ነገ እሑድ ነው፣ ከዚያ ሰኞ። ፀጉር አስተካካዩና ባለመነጽሯ እንደ ልማዳቸው አብረው መጡ። ሰፊዋ ፊቷን ልትታጠብ ገብታ ስትመለስ፣ ከበሩ በስተጀርባ ሹክሹክታቸውን ሰማች።

«ዛሬ ጠይቃት እንግዲህ» አለች ባለመነጽሯ።

«አንቺ ለምን አትጠይቂያትም?»

«አፍራለሁ። ደግሞ እኔ እውነቱን ልንገርህ፣ ካልከፈተች ምንም አልልም። ወንድሜ ‹ክሊኒኬ ውስጥ ቦታ አለሽ› ካለኝ ቆይቷል።»

ፀጉር አስተካካዩ ጉልበቱን አሻሸ። «እኔንም ልጄ ‹ከእኔ ጋር ኑር› እያለች ትለምነኛለች። እግሬ ከዚህ በላይ መቆም አይችልም። ግን እንዴት ብዬ? ሱቋንም ባሏንም በአንድ ሳምንት ትጣ? ለሷ ስንል ትንሽ እንቆይ። ምስኪን፣ ያቺ ሱቅ ናት የቀረቻት።»

ሰፊዋ በሩን ተደግፋ ቆመች። እሷም ለነሱ ስትል፣ ለሟችም ስትል ልትከፍት ነበር። ገብታ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

ፀጉር አስተካካዩ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እህት ዓለም፣ መቼም ጊዜው አይደለም... ሰኞን እንዴት አሰብሽው? ልንከፍት ነው አይደል? እኛ አለንልሽ፣ ምንም አታስቢ።»

«አልከፍትም» አለች።

«ኧረ! ለእኛ ብለሽ እንዳይሆን?» አለች ባለመነጽሯ።

«ለማንም ብዬ አይደለም። ሰልችቶኛል። ያ ሕንጻ ከሰለቸኝ ዓመታት አልፈዋል። እናንተም ሂዱ።»

ባለመነጽሯ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከሥሩ እንባዋ ወረደ። ፀጉር አስተካካዩ ግን መጀመሪያ ያልሰማ መሰለ። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ አወጣ፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ ማለቂያ የሌለው ትንፋሽ። ጆሮው ሥር ተሰቅሎ የኖረው ትከሻው ዝቅ አለ። ኮቱ ወዲያው ሰፋው፤ አንገትጌው ወደ ኋላ ተንሸራተተ። በአንዴ ሌላ ሰው ሆነ።

ሰፊዋ አፍጥጣ አየችው። ለሃያ ዓመት የባሏን ኮት የሰፋችው እሷ ናት፤ ሁልጊዜ ትከሻውን ሁለት ጣት ከፍ አድርጋ ነበር የምትቆርጠው። የሱም ትከሻ እንዲሁ የተሰቀለ ነበር፤ ተፈጥሮው ይመስላት ነበር።

ብድግ ብላ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሄደች። መዳፏን ትከሻው ላይ አሳረፈች፤ ዝቅ ያለበትን ቦታ በሁለት ጣቷ ለካችው። «ምነው እህቴ?» አላት። እጇን አላነሣችም።