ያለ አጉል መዘግየት

ሎዌል ቶሌፍሰን አንድ ነገር ካነበበ አነበበ ነው፤ ከጭንቅላቱ የሚያወጣለት አይገኝም። ያን የበረዶ ወራት ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ያነበበው ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን በየዓመቱ የሚልከውን ወፍራም መጽሐፍ ነበር። ሌላው ሽማግሌ እሳት ያቀጣጥልበታል፤ ሎዌል ግን እርሳስ ይዞ፣ እያሰመረ፣ ከሽፋን እስከ ሽፋን ተወጣው። ሜዲኬር ጡረተኛውን አገር ውስጥ እስካለ ድረስ ያሳክመዋል፤ ከድንበር ከወጣ ግን ዞር ብሎም አያየው። ይህን ሎዌል ድሮም ያውቃል። እሱ ሲፈልግ የከረመው ቀዳዳ ነበር፤ አንድ ቀን አገኘው።

«ቬርና፣ ስሚኝማ» አለ መነጽሩን ከፍ አድርጎ። «አላስካ የሚሄድ ሰው ካናዳን ሲያቋርጥ ድንገት ቢታመም፣ የካናዳው ሆስፒታል ከኛው የሚቀርበው ከሆነ ይከፍሉለታል። በአጭሩ መንገድ ከሄደ፣ ያለ አጉል መዘግየት ከተጓዘ።»

«ጥሩ ነዋ» አለች ቬርና፣ ሹራቧን ሳታቆም።

«ያለ አጉል መዘግየት ነው የሚለው።»

«ሰማሁ እኮ፣ ሎዌል።»

መስማቱንስ ሰምታለች። ይቺ ቃል በኋላ ምን እንደምታመጣባት ግን ያኔ አልጠረጠረችም።

አላስካ የሚሄዱት የልጅ ልጃቸው ብሪታ ልታገባ ስለሆነ ነው። አውሮፕላን ጠፍቶ አይደለም። ግን ሎዌል ለሙሽሪት ከኦክ እንጨት የምግብ ጠረጴዛ ሠርቶላታል፤ ስምንት ሰው የሚያስቀምጥ ጠረጴዛ ደግሞ በሻንጣ አይሄድም። ስለዚህ ከሰሜን ዳኮታ ተነስተው፣ ጠረጴዛውን ፒካፑ ላይ ጭነው፣ ካናዳን ሰንጥቀው ሊሄዱ ነው። ሎዌል ጠረጴዛውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በሸራ ሸፍኖ፣ በገመድ ጠፍንጎ አሰረው። «አላስካ፣ ፌርባንክስ እስክንደርስ ይህን ገመድ የሚነካ የለም» አለ። የሚነካውም አልነበረም፤ እንዲያ የተቋጠረ ቋጠሮ ፈትቶ የሚጨርስ ማን ነው?

ቬርና የጉዞ መድን እንግዛ ብላ ነበር። ደውለው ጠየቁ። በስልክ ያለችው ልጅ እግዜር ይስጣት ጨዋ ናት፤ ግን የሎዌል የልብ መድኃኒት በቅርቡ ስለተቀየረ፣ ልቡን የሚመለከት ነገር ከመጣ እኛ የለንበትም አለች።

«እንግዲያው ልቤን ቤት ትቼው ልሂድ?» አላት ሎዌል።

ልጅቷ ሳቀች። ሎዌል ግን አልሳቀም።

ፈሪ ሆኖ አይደለም፤ አትፍረዱበት። የጎረቤታቸው የኦርቪል ነገር አለ። ኦርቪል ሜክሲኮ ባሕር ዳር ሊዝናና ሄዶ፣ ወድቆ፣ ዳሌው ተሰብሮ፣ እዚያው ታክሞ መጣና የአባቱን የስንዴ መሬት ሸጠ። ሎዌል ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በዚያ መሬት አጠገብ ነው የሚያልፈው። አሁን የሌላ ሰው ትራክተር ያርሰዋል። ሞቱን አይደለም የሚፈራው። እሱ ሆስፒታል ተኝቶ ቬርና ቤቷን ስታጣ ነው የሚታየው።

ችግሩ አርሊስ ናት። አርሊስ የቬርና ታላቅ እህት ስትሆን፣ እናታቸው ታማ በተኛችበት ዘመን ቬርናን አጥባ፣ ጠጉሯን ጎንጉና፣ አብልታ ያሳደገቻት እሷ ነበረች። በኋላ አንድ ካናዳዊ እንጨት ሰንጣቂ አግብታ ሄደች። ባሏ ከሞተም ወዲህ እዚያው ናት፤ ከአላስካው መንገድ የሁለት ሰዓት መገንጠያ ገብታ፣ ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ። በዚያው የበረዶ ወራት በስልክ ለቬርና አንድ ነገር ነገረቻት። ዓይኗ እየሄደ ነው። ሐኪሙ እስከ ገና ሰው በፊቱ መለየት ይቀራል ብሏታል።

«ለሎዌል እንዳትነግሪው» አለች አርሊስ። «ኋላ ሲጨነቅ ይኖራል። ደግሞም እኔን ብላችሁ እንዳትቸገሩ።»

እንግዲህ እነዚህ ሰዎች እንዲህ ናቸው። የሚፈልጉትን ነገር አፋቸው አያወጣውም። ኬክ ስታቀርብላቸው አንዴ አይ፣ ሁለቴ አይ ይላሉ፤ ሦስተኛው ላይ «ካልሽ ትንሽ ብቻ» ብለው ትልቁን ቁራጭ ይበላሉ። ሦስተኛውን ካላቀረብሽ ጾማቸውን ይሄዳሉ እንጂ ትንፍሽ አይሉም።

ቬርናም እንደ ወጓ አንድ ቀን እራት ላይ «እግረ መንገዳችንን አርሊስ ጋ ጎራ ብንል ደስ ይል ነበር» አለች።

«ደስ ይል ነበር» አለ ሎዌል። «ግን ከመንገድ መውጣት ነው። ከመንገድ ከወጣን ደግሞ መድን የለንም።»

በማግስቱ «ሁለት ሰዓት ብቻ እኮ ነው» አለች።

«ሁለት መሄጃ፣ ሁለት መመለሻ» አለ። «ይኼ መዘግየት ካልሆነ መዘግየት ምንድነው?»

ሦስተኛ አልጠየቀችም። ስለ እህቷ ዓይን ብትነግረው እንቢ እንደማይላት ታውቃለች። ሰውን እንቢ የማይልበት ቦታ ማቆም ደግሞ በእሷ ቤት ማስገደድ ነው። ሹራቧን አነሳች። እኔ ብሆን እጮህ ነበር።

ጉዞውን ጀመሩ። ሎዌል ዕድሜ ልኩን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ መስመሩ ተነግሮት ከመስመሩ ወጥቶ አያውቅም። ቬርና ሲሰለቻት ትፈታተነው ጀመር።

«ሽንት ቤት?»

«ይፈቀዳል።»

«አይስክሬምስ?»

«ቤንዚን እየቀዳን ከሆነ።»

«ያውና ድብ። ሁለት ግልገል ይዛለች። ቆም ብለን ብናይስ?»

«ዝግ አድርጌ እነዳለሁ፤ አንቺ እይ።»

ዝግ አደረገ። ቬርና ድቧን አየች፤ ሎዌልን ደግሞ ታዘበችው። መሪውን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ በየመሐሉ እጁን ደረቱ ላይ ጣል እያደረገ ነበር። ልትናደድበት ፈልጋ አቃታት። አንጀቷን በላት።

ዶውሰን ክሪክ የምትባል የካናዳ ከተማ አደሩ። ሎዌል ገላውን ሲታጠብ ቬርና ለእህቷ ደወለች። ነገ እኩለ ቀን ላይ በናንተ መገንጠያ እናልፋለን፤ እዚያ ያለው ምግብ ቤት ጥሩ የፍራፍሬ ፓይ አለው ይባላልና ምሳ እዚያ እንበላለን፤ በመድኑ ምክንያት ግን ከመንገድ መውጣት አይሆንልንም አለቻት። ሌላ አላለችም።

«ፓዩ ጥሩ ነው» አለች አርሊስ። «መልካም መንገድ።»

በማግስቱ ሎዌል ፒካፑን ምግብ ቤቱ በር ላይ አቁሞ «ለምሳ አንድ ሰዓት። አንድ ሰዓት አጉል አይባልም» አለ። ወዲያው ከመገንጠያው መንገድ ግንድ የጫነ ትልቅ መኪና እያጓራ መጣና ጎናቸው ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ ዞረና በሩን ከፈተ። አስቀድሞ አንድ ቦርሳ፣ ቀጥሎ ነጭ ጫማ፣ ቀጥሎ ቀስ እያለች አርሊስ ወረደች፤ ለቤተ ክርስቲያን የምትለብሰውን ሰማያዊ ካፖርት ለብሳ።

ቬርና የመኪናውን በር ይዛ ቀረች።

«ከመንገድ መውጣት የተከለከላችሁት እናንተ ናችሁ» አለች አርሊስ ድምፃቸውን ተከትላ እየመጣች። «እኔን ወደ መንገድ አትውጪ ያለኝ የለም።»

ተቃቀፉ። እነዚህ ሰዎች ሲተቃቀፉ ጀርባ መታ መታ ያደርጉና ይላቀቃሉ፤ ሁለቱ ግን አልተላቀቁም። ሹፌሩ ክላይድ ይባላል፤ የአርሊስ ጎረቤት ነው። ግንዱን አራግፎ ነገ ጠዋት ሲመለስ እንደሚወስዳት ተናግሮ ሄደ።

ገብተው ተቀመጡ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ዶሪን የምግብ ዝርዝሩን አደለቻቸው። አርሊስ የእሷን ፊቷ ላይ ከፍ አድርጋ ያዘችና አንገቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«አርሊስ፣ ምግቡ የተጻፈው እዚህ ነው» አለ ሎዌል ሊቀልድ ፈልጎ። «መስኮት መስኮቱን ምን ታያለሽ?»

ማንም አልሳቀም። አርሊስ ወረቀቱን አስቀመጠች።

«መሐሉ ጠፍቶብኛል፣ ሎዌል። ቀጥ ብዬ ሳይህ ፊትህ ያለበት ጭስ ነው። በጎን ሲሆን ትንሽ ትንሽ ይታየኛል። አሁን ለምሳሌ ጆሮህን አያለሁ። አድጓል።»

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ቆየ። እስከ ገና እሱም ይሄዳል ብለውኛል።»

ሎዌል ወደ ሚስቱ ዞረ። «ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ቬርና ሹካዋን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው። «ብነግርህ ትመጣ ነበር» አለች። «ደረትህን እየዳበስክ፣ ኦርቪልን እያሰብክ፣ ያን ሁሉ መንገድ እየፈራህ ትመጣ ነበር። እኔ ደግሞ እህቴን አይቼ አንተን ባጣስ?»

ይህን ያህል በአንድ ትንፋሽ ተናግራው አታውቅም። ጉንጯ ቀላ።

ሎዌል ወደ ሳህኑ ተመለሰ። ሳንድዊቹን በላ፤ ፓዩን በላ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። ከዚያ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

ቬርና ከወንበሯ ተነሳች። መኪና ሊያስነሳ ነው።

«ሂጂ» አለች አርሊስ እጇን መታ መታ እያደረገች። «ዶሪን ሶፋ አላት። እኔን አትዪ፤ ክላይድ ጠዋት ይወስደኛል። አየሁሽ አይደል?»

«ጆሮዬን ነው ያየሽው።»

«ጆሮሽም ጆሮ ነው።»

ቬርና ካፖርቷን ለበሰች። የሞተሩን ድምፅ ጠበቀች፤ ሳይሰማ ቀረ። በመስኮቱ አየች። ሎዌል ፒካፑ ላይ ወጥቶ ገመድ ይፈታል። ያንን ማንም አይነካውም ያለውን ቋጠሮ በጥርሱ ጭምር እየጎተተ ይፈታል። ሁለት የከባድ መኪና ሹፌሮች ጠራ። ሸራው ተገፈፈ፤ ብርድ ልብሱ ወረደ፤ የብሪታ የሠርግ ጠረጴዛ ምግብ ቤቱ ጎን ካለው ሣር ላይ አራት እግሩን ዘርግቶ ቆመ።

እየሮጠች ወጣች። «ምን መሆንህ ነው?»

«ደክሞኛል» አለ ሎዌል። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር፤ ፊቱ ግን ፈክቷል። «የልብ ሕመምተኛ ደክሞት አይነዳም፤ ሐኪሙ ነው ያለው። ማረፍ ደግሞ አጉል መዘግየት አይደለም። የፈለገ ይጠይቀኝ።»

«ገና እኩለ ቀን ነው፣ ሎዌል።»

«እስከ ነገ ጠዋት ይደክመኛል» አለ። «ወንበር አምጪ። እህትሽ ፀሐይ ያለበት ትቀመጥ።»

ቬርና አንገቱ ሥር ገብታ አለቀሰች፤ ሰው እያየ፣ በጠራራ ፀሐይ። እሱም ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት፤ ሌላ የሚያውቀው የለም።

ዶሪን ደንበኞቿን ሁሉ ወደዚያው አዞረች፤ ያለፈ ያገደመው ሹፌር ሁሉ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ፓይ በላ። በዚያ አገር በሰኔ ፀሐይ ቶሎ አትጠልቅም። አርሊስ እህቷን ከወዲያ ወዲህ እያንቀሳቀሰች፣ «ወደ ግራ በይ፤ አገጭሽን ቀና» እያለች፣ ልክ ፊቷን ያገኘችበት ቦታ ላይ አስቀመጠቻት። ከዚያ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። የማያውቅ ሰው መኪና የምትቆጥር ይመስለው ነበር። የምታየው ግን ቬርናን ነው፤ በዓይኗ ጥግ፣ ሳትጠግብ፣ ከሰዓቱን ሙሉ። ቬርና ዝንብ እንኳ ሳትከለክል ተቀመጠችላት።

«ጠጉርሽን ማን ቆረጠው?»

«ራሴ።»

«ያስታውቃል» አለች አርሊስ። ቆየት ብላ «እናታችንን መስለሻል» አለች።

ጠዋት ክላይድ መጣ። ሎዌል ጠረጴዛውን መልሶ ጭኖ፣ ገመዱን እያሰረ ነበር። ቋጠሮው እንደ መጀመሪያው አልነበረም፤ ላላ ያለ፣ ሰው የሚፈታው ነው። አርሊስን ክንዷን ይዞ የክላይድ መኪና ላይ አወጣት። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞሮ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስንመለስ፣ ያቺ ከተማ ገብተን ሁለት ሦስት ቀን አርሊስ ጋ ብናድርስ? ከፈለግሽ ነው።»

«ከመንገድ መውጣት ነው እኮ» አለች አርሊስ ከላይ ሆና። «ልብህስ?»

«ይዤው እመጣለሁ።»

እንግዲህ ወጉ ቢሆን ቬርና አንዴ አይ፣ ሁለቴ አይ ማለት ነበረባት። ባሏን አየችው፤ እጁ ደረቱ ላይ አልነበረም፤ የእህቷን በር ይዟል።

«እፈልጋለሁ» አለች፣ ገና በመጀመሪያው።