ከማደንዘዣው በፊት

«ደረጃ ሲወጡ መሃል ላይ ያርፋሉ?» አለች ዶክተር ኦሪት።

ማንአለብሽ የሐኪሟን ዕብራይስጥ ለአማቷ ወደ አማርኛ መለሰችላቸው። አባ አምባቸው ከዘራቸውን በጉልበቶቻቸው መሃል እንደያዙ «አላርፍም» አሉ።

ውሸት ነበር። ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጥተው እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ከተማ ከገቡ ወዲህ፣ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤታቸው ሲወጡ በየመታጠፊያው ይቀመጣሉ። እሷም የገበያ ዕቃዋን ይዛ፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ከጎናቸው ትቆማለች። ባሏ አንሙት ይህን አያውቅም። ጧት ወደ ፋብሪካ ሲሄድ አባቱ ተኝተው ነው የሚተዋቸው፤ ማታም ተቀምጠው ያገኛቸዋል። «ሐኪሟን ጠንካራ ናቸው በያት፤ ደክመዋል ካልሽ ለኦፕራሲዮን አይቀበሏቸውም» ብሎ አስጠንቅቋታል።

ዶክተሯ ትጠብቃለች። ማንአለብሽ «ካንሰር» የሚለውን ቃል ከሰማች ጀምሮ፣ የሚነገረው ሁሉ ከግድግዳ ማዶ እንደሚሰማ የጎረቤት ወሬ ሆኖባታል።

«ያርፋሉ» አለች በዕብራይስጥ። «በየመታጠፊያው ይቀመጣሉ። ምግባቸውም ቀንሷል።»

ዶክተሯ መነጽሯን አውልቃ አስረዳቻት። የካንሰሩ እብጠት ካልወጣ አንጀታቸውን ይዘጋዋል። ኦፕራሲዮን ቢሆኑ ደግሞ፣ በዚህ ልብና በዚህ ሰውነት፣ ከማደንዘዣው ላይነቁ ይችላሉ፤ ቢነቁም ከአልጋ ላይነሱ። «የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ንገሪያቸው» አለች።

በአገሯ መርዶ እንኳ ያለ ሽማግሌ አይነገርም። ማንአለብሽ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ፣ አንድም ቃል ሳትቀንስ ለአማቷ ነገረቻቸው።

አባ አምባቸው ከከዘራቸው ላይ ቀና አሉ።

«ከነቃሁ በእግሬ እሄዳለሁ ወይ? ጠይቂልኝ።»

«አላውቅም» አለች ዶክተሯ።

«እንግዲያው አልቀደድም።» ወደ ምራታቸው ዞሩ። «ለአንሙት ግን አንቺ እንዳትነግሪው። ባንቺ ይፈርዳል።»

ማታ አንሙት ከነሥራ ልብሱ ገባ። አባቱ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠው እርጎ ያራሰውን ዳቦ ያላምጣሉ። ማንአለብሽ ሳህን ታጥባለች።

«እህሳ፣ ምን አሉ? ቀን ቆረጡላቸው?» አላት።

ውሃውን ሳትዘጋ ወደ አማቷ ዞረች።

አባ አምባቸው አፋቸው ውስጥ ያለውን ቀስ ብለው ዋጡ። አጠገባቸው ያለውን ወንበር በእግራቸው ገፋ አደረጉለት።

«ቁጭ በል፣ ልጄ» አሉ።