ባልቢር የሚያድሩባት ጋቢና

ሽማግሌው ባልቢር ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከቤት ይወጡና ደጃፉ ላይ የቆመው የልጃቸው የሱክዴቭ ከባድ መኪና ላይ ይሳፈራሉ። ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ባለችው አልጋ ላይ ይተኛሉ። ሕንድ አገር፣ ፑንጃብ ሳሉ ሠላሳ ዓመት ወደ አምሪትሳር ከተማ ጭነት አመላልሰዋል። አሁን የልጅ ልጆቻቸውን ስም እንኳ ረስተዋል፤ እንቅልፍ የሚወስዳቸው እዚያች አልጋ ላይ ብቻ ነው። አምና ሱክዴቭ መንገድ ሄዶ ሳለ ቤት ውስጥ ቢያስተኟቸው፣ ተነሥተው ወጥተው በባዶ እግራቸው በረዶ ላይ ተገኙ።

ይሄን ማዘጋጃ ቤቱ በምን ይወቀው! አሁን የሚኖሩባት፣ ካናዳ ውስጥ ከቶሮንቶ ወጣ ያለችው ከተማ፣ ከእሑድ ጀምሮ መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ከባድ መኪና ማሳደር ክልክል ነው ብላ ደብዳቤ ላከች። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ሱክዴቭ ከከተማ ውጭ ማሳደሪያ ተከራየ፤ አባቱስ የት ይተኙ?

እሑድ አመሻሽ ላይ እንደ ወጉ ከፊት ጎማው ሥር ሎሚ አስቀመጠ። ሎሚ ሳይጨፈልቅ ጉዞ የሚጀምር የአገሩ ሹፌር የለም። ጋቢና ሊገባ ሲል ሎሚው የለም። ሌላ አስቀመጠ፤ እሱም ጠፋ። ሦስተኛውን አባቱ ጎንበስ ብለው አንሥተው ኪሳቸው ሲከቱት ያዛቸው።

"ኧረ አባዬ፣ ምን ነካዎት?"

"እንቅልፌን እኮ ነው ይዘህብኝ የምትሄደው!"

ደንብ አስከባሪዋ ዶሪን ደርሳ ሰዓቷን አየች። "አቶ ሱክዴቭ፣ መሸ እኮ።"

"ትንሽ ታገሺኝ እህቴ፣ ሎሚዬ ተሰርቆ ነው።"

"በነዳጅ አይደል እንዴ የሚሄደው?"

አይ ሱክዴቭ! ያለ ሎሚ ቢነዳ ማን ይይዘዋል? አልሆነለትም፤ ዋሸ።

"አባዬ፣ ለአምሪትሳር ጭነት አለን። አብረን እንሂድ?"

"ታዲያ ቀድመህ አትናገርም!" ሽማግሌው በገዛ እጃቸው ሎሚውን ጎማው ሥር አድርገው ወደ ላይ ወጡ።

ሎሚው ፈረጠ፣ መኪናው ተነሣ። የማታዋ ጀምበር በረዶውን ቢጫ አድርጋዋለች። "የሰናፍጩ አበባ ዘንድሮ እንዴት ያምራል" አሉ ባልቢር። ሱክዴቭም ዞር ብሎ ቢያይ፣ እውነትም መስኩ ሁሉ አብቦ ታየው። "ሻይ ቤቱ ጋ ቀስ በል" አሉት። ሻይ ቤት በሌለበት ቀስ አለ። ሻይ የሚሸተውም መሰለው።

ማሳደሪያው ሲደርሱ ሞተሩን አጥፍቶ የጋቢናዋን ማሞቂያ ለኮሰ። አባቱ አልጋዋ ላይ ጋደም ብለዋል። ዝም ቢሉለት ምን ነበረበት!

"ይሄ አምሪትሳር አይደለም" አሉ።

"አይደለም። ዋሸሁዎት አባዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"እኔስ እናትህን ስዋሻት አይደል የኖርኩት? ከየመንገዱ እየደወልኩ 'ነገ እገባለሁ' እላት ነበር። አንተ ስልኩን ትቀማትና ታለቅስ ነበር።"

ሱክዴቭ አባቱ ይህን ያስታውሳሉ ብሎ በሕልሙም አላሰበም። ጫማውን አውልቆ ወንበሩ ላይ ኩርምት አለ፤ እሳቸውን ጥሎ የት ይሄዳል? ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ናት።

"ዛሬ አትገቡም እንዴ?"

ወደ አልጋዋ ዞር አለ። አባቱ እያንኮራፉ ነው።

"ነገ እንገባለን" አላት።