ከአርባ አምስት እስከ ስድሳ ሦስት

እና በርሜሉ ውስጥ ቀድሞ አርባ ሊትር አለ፣ ባልዲው አሥራ አምስት ይይዛል፣ ውሃው ከመቶ ሊትር እንዳያንስ፣ ከመቶ ዘጠናም እንዳይበልጥ፣ ስንት ባልዲ ይጨመር? ጉድ እኮ ነው፣ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ክንድ ላይ ደም ሥር ስትፈልግ የኖረች ነርስ ዛሬ ረፋዱን ቁጭ ብላ በርሜል ትሞላለች። ከሦስቱም ጎን አርባ ቀንሺ፣ ለአሥራ አምስት አካፍዪ፣ አራት፣ አሥር፣ ባልዲው ከአራት አያንስም ከአሥር አይበልጥም። አለቀ። ይሄ ነው እንግዲህ ጥምር ኢ-እኩልነት የሚሉት፣ ከታችም አጥር ከላይም አጥር፣ መሀሉ ላይ ሁን ነው ነገሩ።

የሆስፒታሉ ማሠልጠኛ ክፍል ነው፣ ባለ ክንድ ወንበሮች፣ ግድግዳው ላይ እየተንቀጫቀጨ የሚዞር ማራገቢያ፣ ሌሎች ሦስት ተፈታኞች ወረቀታቸው ላይ ተደፍተዋል። ካለፍሽ ሰኞ ሕፃናት ክፍል ትመለሻለሽ ብላታለች ኃላፊዋ። ከወደቀች ደግሞ፣ ኧረ አትወድቅም፣ ሒሳብ መች ጠላቷ ሆኖ ያውቃል።

ሁለተኛው ግሉኮስ ነው፣ እሰይ፣ የእኔ ሠፈር ጥያቄ። ከረጢቱ አንድ ሺህ ሚሊሊትር ይዟል፣ በሰዓት መቶ ሃያ አምስት ይወርዳል፣ የቀረው ከአምስት መቶ የማይበልጠው፣ ከሁለት መቶ ሃምሳም የማያንሰው ከስንተኛው እስከ ስንተኛው ሰዓት ነው? ስንቱን ሰቅላ ስንቱን አውርዳለች፣ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው፣ ዓይኗን ጨፍናም ታውቀዋለች፣ ግን መምህሩ አሠራሩን አሳዩ ብለዋል። ሺህ ቀንሺ፣ በኔጌቲቭ መቶ ሃያ አምስት አካፍዪ፣ ምልክቷ! ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ በኔጌቲቭ ስታካፍሏት እንዳኮረፈች ሚስት ፊቷን ታዞራለች እያሉ ብቻቸውን ሲስቁ ከረሙ። ምልክቷን ታዞራታለች። ደግ ሰው ናቸው፣ ከሰዓት ከሻይ በኋላ ያልገባው ሰው ካለ ብለው አንድ ሰዓት ይቀመጣሉ።

ሦስተኛው። አንዲት ነርስ ዘጠኝ ኪሎ ለምትመዝን ሕፃን በቀን ሰማንያ ሚሊግራም መድኃኒት ሰጠች። ለአንድ ኪሎ ክብደት የሚሰጠው ከአምስት ሚሊግራም ማነስ፣ ከሰባትም መብለጥ የለበትም። ሀ፣ ትክክለኛው መጠን ከስንት እስከ ስንት ነው? ለ፣ የነርሷ ስህተት የቱ ጋ ነው?

ወይ ጉዴ።

እጇ ቀጥ ይላል፣ ብዕሩ ወረቀቱን ነክቶ ይቆማል፣ ቀና ብላ ታያቸዋለች፣ መምህሩ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፣ አያውቁም፣ ነርሷ እሷ መሆኗን አያውቁም። ጉዳዩን ካየው ኮሚቴ ስም የሌለው ወረቀት ተሰጥቷቸው ይሆናል፣ እስቲ አንድ የስህተት ምሳሌ ብለው። ምሳሌ። ሕፃኗ፣ ሚጡ፣ ምሳሌ ሆነች።

ሀን ትሠራለች፣ ሀ ምን አለበት፣ አምስት ሲባዛ በዘጠኝ አርባ አምስት፣ ሰባት ሲባዛ በዘጠኝ ስድሳ ሦስት፣ መጠኑ ከአርባ አምስት አያንስም ከስድሳ ሦስት አይበልጥም። ሰማንያ ውጭ ነው። አሥራ ሰባት ሚሊግራም ከአጥሩ ውጭ፣ በየቀኑ፣ ሰባት ቀን። መድኃኒቱ ሲበዛ ጆሮ እንደሚጎዳ ደግሞ ጀማሪ ነርስ እንኳ ያውቃል።

ለ። ነርሷ የላይኛውን ወሰን አላሰላችም። ይቺን ብቻ ብትጽፍ ሙሉ ነጥብ ናት፣ ሰኞ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ትገባለች፣ ማንም ምንም አይላትም። ግን አስልታለች! አምስት ሲባዛ በአሥራ ሁለት ስድሳ፣ ሰባት ሲባዛ በአሥራ ሁለት ሰማንያ አራት፣ ሰማንያ መሀል ነው፣ ሁለቴ አስልታዋለች፣ አንዴ በካልኩሌተር አንዴ በእጇ። ሒሳቡማ ልቅም ያለ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ሚዛኑ ኮሪደሩ ሌላኛው ጫፍ፣ ሚጡ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ሁለት ቀን አልቅሳ አልቅሳ ገና ዓይኗን መክደኗ፣ እናትየዋ ልብስ ሰፊ ናት፣ ጣቶቿ መርፌ የጠቀጠቃቸው፣ በእነዚያ ጣቶቿ ክንዷን ያዘቻት፣ ሲስተርዬ በእናትሽ፣ አሁን ነው የተኛችልኝ፣ አትቀስቅሺብኝ። አንጀቷ አልቻለም፣ እሺ አለች፣ ካርዱን ገለጠች፣ የባለፈው ወር ክብደት አሥራ ሁለት ኪሎ ይላል፣ አሥራ ሁለት ብላ ጻፈች፣ መዛኝ የሚለው ቦታ ላይ ፈረመች። ነገ እመዝናታለሁ። ነገ ሌላ በሽተኛ፣ ነገ ወዲያ ሌላ ሩጫ፣ ቁጥሩ ተጽፏል፣ አንዴ የተጻፈ ቁጥር ማን ዞር ብሎ ያየዋል። ወር ሙሉ በተቅማጥ ያለቀች ልጅ እኮ ናት፣ ዓይን አልነበረሽም አንቺ? ያንን ክንድ በሁለት ጣት ይዘሽ መርፌ ስትወጊ ሦስት ኪሎ እንደጎደለ እጅሽ አልነገረሽም? ነግሯታል መሰለኝ። አልሰማ ብላ ነው።

በስምንተኛው ቀን ሌላ ነርስ ልጅቷን ብትመዝናት ዘጠኝ ኪሎ። ኃላፊዋ በሩን ዘግታ ነው ያናገረቻት፣ ዝም በይ የኔ ልጅ፣ ስሌት ተሳስታ ነው ብያቸዋለሁ፣ ሒሳብ የማይሳሳት ማን አለ፣ ሳትመዝን ፈረመች ከተባለ ግን ፈቃድሽን ነው የሚነጥቁሽ፣ ምን ልትበዪ ነው? ኮሚቴውም ካርዱን ገልጦ አላየ፣ ሰማንያ ለዘጠኝ ኪሎ በዝቷል፣ ሒሳብ ትማር፣ ማኅተም፣ በቃ። ለእናትየዋ የነገራት የለም።

ባለፈው ሳምንት ለቀጠሮ መጥተው ኮሪደሩ ላይ አገኘቻቸው፣ ሚጡ ጀርባዋን ሰጥታ ባዶ የክር ጥቅልል ወለሉ ላይ ታንከባልላለች። ሚጡ! ሚጡዬ! አጨበጨበችላት። አጨበጨበች። ዞር አላለችም። እናትየዋ ጉንጯን ይዛ ሳመቻት፣ ተዪው እህቴ፣ ጆሮዋን በሽታው ወሰደው፣ ነፍሷን ግን አንቺ አተረፍሽልኝ፣ እግዜር ውለታሽን ይክፈልሽ። ምነው ያኔ መሬት ተከፍታ በዋጠቻት። ይሄ ሳያንስ፣ አሁን የምፈራው ለታናሽ ወንድሟ ነው አለች፣ በሽታው እንዳይተላለፍበት ብዬ እሷን ለብቻዋ ነው የማስተኛት፣ አንሶላዋንም ለብቻ ነው የማጥበው፣ አብሬው ካልተኛሁ እያለች ታለቅሳለች፣ ምን ላድርግ ብለሽ ነው፣ አንዱ እንኳ ይትረፍልኝ። እሷም፣ ይቺ ሒሳብ አዋቂ፣ አይዞሽ አለቻት። አይዞሽ! ምላሷ ያንን ሲል አልተሳሰረም።

ትጽፋለች። ለ፣ ስሌቱ ላይ ስህተት የለም። ስህተቱ ክብደቱ ጋ ነው። ነርሷ ልጅቷን ሳትመዝን አሥራ ሁለት ኪሎ ብላ ፈርማለች።

መምህሩ ከኋላዋ ቆመዋል፣ ሲያነቡ ትንፋሻቸው ይሰማታል። ልጄ፣ ይሄ ከየት መጣ፣ አሥራ ሁለት የሚል ጥያቄው ላይ የለም እኮ። አዎ መምህር፣ የለም። ወረቀቱን ያያሉ፣ እሷን ያያሉ፣ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ ፊታቸው ቀስ እያለ ይለወጣል፣ አሁን ገባቸው። ሌሎቹን ሦስቱን ቃኘት አድርገው ዝቅ ይላሉ፣ ድምፃቸው ሹክሹክታ ነው፣ ሰዓት አለሽ፣ እኔ ምንም አላየሁም፣ እንቺ ሌላ ወረቀት፣ ቀስ ብለሽ ጻፊው።

ንጹሕ ወረቀት። ሰኞ እዚህ ውስጥ አለች፣ ጋዋኗ አለ፣ ስምንት ዓመቷ አለ፣ የልጄ እጅ ሲወጋ አያምም እያለች ለጎረቤት የምታወራው እናቷ አለች። ታለቅሳለች፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ትጠርጋለች። የመጀመሪያውን ወረቀት ለሁለት አጥፋ ለመምህሩ ትሰጣቸዋለች፣ ይሄኛው የኮሚቴው ነው መምህር፣ ይውሰዱልኝ። ንጹሑንም ወደ ራሷ ትስበዋለች፣ እሱም ያስፈልጋታል፣ ለሚጡ እናት፣ ብላ ትጀምራለች፣ በሽታው አይደለም እህቴ፣ እኔ ነኝ፣ ልጆቹን ዛሬውኑ አብረሽ አስተኚያቸው